ከእስር ስለማምለጥ የተጻፈ ግለ ታሪክ ወደ ፊልም ሲቀየር ምኑ ይቆረጣል፣ ምኑ ይቀራል?

ብራና_ቀለም (ጠያቂ)

ሰላም ለቤቱ። ከእስር ስለማምለጥ የተጻፈ አንድ ግለ ታሪክ በቡድን ሆነን ወደ ፊልም ጽሑፍ እየቀየርን ነው። መጽሐፉ 280 ገጽ ነው። በደርግ ጊዜ በአንድ የክፍለ ሀገር ወህኒ ቤት የነበሩ ሦስት እስረኞች ከእንጨት በሠሩት ቁልፍ በር እየከፈቱ እንዴት እንደወጡ ይተርካል። ጸሐፊው በሕይወት አሉ፣ በሐሳቡም ተስማምተዋል። ፊልሙ ከ105 ደቂቃ እንዲበልጥ አንፈልግም።

የተቸገርንባቸውን ልዘርዝር። ዝግጅቱ 14 ወር ፈጅቷል፤ መጽሐፉ ላይ ያው ነገር ይመላለሳል። ቁልፍ ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ይሰበራል፣ እንደገና ይሠራል። ሲነበብ ይይዛል፣ ሲታይ ግን እንዳያሰለች ፈራን። ደግሞ ሰውየው ተርፈው መጽሐፍ መጻፋቸውን ተመልካቹ ያውቃል፤ ታዲያ ልቡ በምን ይሰቀል? አብረዋቸው ካመለጡት አንዱ አርፈዋል፣ ሌላው ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም። በጀታችን ደግሞ ከአንድ ክፍልና ከአንድ ኮሪደር በላይ አያሠራም።

ከደቡብ አፍሪካው የፕሪቶሪያ እስር ቤት የተደረገውን ማምለጥ የሚያሳየውን የ2020 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ከቲም ጄንኪን መጽሐፍ ጋር ያስተያየ ሰው ካለ በተለይ ይርዳን።


መቀስ_በእጄ

የፕሪቶሪያው ጥሩ መነሻ ነው፣ ችግራችሁ ከእነሱ ጋር አንድ ስለሆነ። ነገሩን ለማያውቅ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ ቲም ጄንኪንና ስቲቨን ሊ የታገደውን የኤኤንሲ (የአፓርታይድ ተቃዋሚ ድርጅት) በራሪ ወረቀት በመበተን በ1978 ኬፕ ታውን ላይ ተያዙ። ጄንኪን 12፣ ሊ 8 ዓመት ተፈረደባቸው። ዲሴምበር 11 ቀን 1979 ከአሌክስ ሙምባሪስ ጋር ሆነው ከፕሪቶሪያ እስር ቤት ወጡ። ከክፍላቸው እስከ መንገዱ አሥር ያህል በር ነበረባቸው፤ ቁልፎቹን የሠሩት በእስር ቤቱ የእንጨት ሥራ ክፍል ነው። የመጨረሻው፣ ወደ መንገድ የሚያወጣው በር ግን በቁልፍ አልከፈት አለ። እንጨቱን ፈልፍለው ነው የወጡት።

አሥር በር ለመጽሐፍ ሲሳይ፣ ለፊልም ጽሑፍ መርዝ ነው። አሥሩን እኩል ካሳያችሁ አራተኛው ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ጽሑፍ ከመጀመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ በር አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ በሩ ከየት በኩል ይከፈታል፣ በምን ሰዓት ሊሞከር ይችላል፣ ሲሞከር ምን ተበላሸ፣ ከብልሽቱ ምን ተማሩ። የመጨረሻዋ ዓምድ ናት ወሳኟ። ሁለት መስመር ያው ትምህርት ካላቸው አንዱን ሰርዙ። እንዲህ ሲጠረግ የ14 ወሩ ሙከራ ወደ አራት ወይ አምስት ይወርዳል። አዲስ ነገር የማያስተምር ሙከራ፣ እውነት ቢሆንም፣ መጽሐፉ ላይ ይቅር።

የቀሩትንም እኩል አታስረዝሟቸው። የመጀመሪያውን ቁልፍ ከእንጨት መረጣው እስከ ሙከራው ሳትቸኩሉ አሳዩ፤ አምስት ደቂቃ ቢወስድም አይብዛባችሁ። ሁለተኛው ላይ የተለወጠውን ነገር ብቻ፣ አርባ ሴኮንድ። ሦስተኛው ይሰበራል፣ ለዚያውም ስባሪው ቀዳዳው ውስጥ ቀርቶ። ከዚያ ወዲያ ተመልካቹ ሙያውን ተምሯል፤ ሦስት በር በአንድ ቀረጻ ብታሳልፉ ይከተላችኋል።

«መትረፉ ይታወቃል» ለሚለው፣ ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ሮቤር ብሬሶን በ1956 የሠራውን ተመልከቱ። «ሞት የተፈረደበት ሰው አመለጠ» ብሎ ርዕሱ ላይ ጨርሶታል! ታሪኩ ሊዮን ከሚገኘው የሞንሉክ እስር ቤት በኦገስት 1943 ያመለጠው የአንድሬ ዴቪኒ ነው። ጥያቄው «ይተርፋል ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ይህ ማንኪያ ይህን ሳንቃ ይፈለፍላል ወይ?» ሆነ። ከሞትና ከሕይወት ጥያቄ ይልቅ ይሄ ነው ሰውን ወንበሩ ጫፍ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ምክንያቱም መልሱን ማንም አያውቀውም።

ይህ እንዲሠራ ግን አንድ ነገር መጠበቅ አለበት፦ ካሜራው እስረኛው ያላየውን አያይም። የአዛዡን ቢሮ፣ የዘበኞቹን ወሬ፣ የውጭውን በር፣ እሱ እስኪደርስበት ድረስ አታሳዩ። ግለ ታሪክ የተጻፈው ከአንድ ሰው ዓይንና ጆሮ ነው፤ ወደ ዘበኛው ፊት አንዴ ከቆረጣችሁ ያ ጥበት ይፈርሳል፣ ተመልሶም አይጠገንም።

የገጽ አከፋፈል፦ መታሰሩና ፍርዱ እስከ ገጽ 12 ይለቅ። ቁልፉን አተኩሮ የሚያይበት ቅጽበት 20 አካባቢ። የመጀመሪያው በር ወደ መሐል፣ 50 ላይ ይከፈትና መልሶ ይቆለፋል፤ መውጫ ቀኑ ገና ነውና። የመጨረሻው ሌሊት ከ75 ይጀምር። ደግሞ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚለውን ልማድ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ አትመኑት። «ጥርሱን በሞረድ ይስላል» የሚል አንድ መስመር ሦስት ደቂቃ ሊበላ ይችላል። ንግግር የሌለባቸውን ገጾች አንድ ሰው በእጁ እየሠራ ሌላው በሰዓት ይያዝ። ይህን ያልለካ የ105 ገጽ ጽሑፍ ኤዲቲንግ ላይ 130 ደቂቃ ሆኖ ይመጣና የሚቆረጠው ያው ዋናው፣ የቁልፉ ሥራ ይሆናል።


ነገረ_ፈጅ

«ተስማምተዋል» ማለት ምን ማለት ነው? በቃል ከሆነ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አውርዱት።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ 872/2007 ተሻሽሏል፤ የአዋጆቹ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አንድን ሥራ ወደ ሌላ መልክ የመቀየርን መብት ለሥራው አመንጪ ይሰጣል። መብቱ አመንጪው በሕይወት እስካሉና ካረፉ በኋላም ለ50 ዓመት የሚቆይ ስለሆነ ነገ የምትነጋገሩት ከወራሾች ጋር ሊሆን ይችላል፤ አምስት ወራሽ ደግሞ አምስት ፊርማ ነው። ውሉ ላይ መብቱ ለእናንተ ብቻ መሰጠቱ፣ የጊዜ ገደቡ (18 ወር ሆኖ አንዴ የሚታደስ ቢሆን ይመረጣል)፣ የቅድሚያው ክፍያ ከጠቅላላው ዋጋ እንደሚታሰብ፣ በየትኞቹ ቋንቋዎችና አገሮች እንደሚታይ፣ ተከታታይ ድራማ ይጨምር አይጨምር በግልጽ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ጠብ የሚነሣው ግን «ጸሐፊው ጽሑፉን ያያል» ከምትለው ሐረግ ነው። አይቶ ምን ያደርጋል? በ15 ቀን ውስጥ አስተያየቱን በጽሑፍ ይሰጣል፣ ሥራውን ግን አያስቆምም ካላላችሁ ቀረጻው ዋዜማ ላይ ትቆማላችሁ። እንዲህም ሆኖ የሞራል መብታቸው እንዳለ ነው፦ ስማቸው ይጠቀሳል፣ ክብራቸውን በሚነካ መልኩ ሥራቸው ሲጣመም መቃወም ይችላሉ።

ስማቸው እንዳይነሣ የፈለጉትን ሰው በተመለከተ፣ ስም መቀየር ብቻ አይሸፍናቸውም። ያመለጡት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከታወቁ ሦስተኛው ታወቁ። የትውልድ ቦታ፣ የቀድሞ ሥራ፣ የሰውነት ምልክት፣ የተከሰሱበት ጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ ተቀይረው ከሌላ እስረኛ ጠባይ ጋር መደባለቅ አለባቸው። የፕሪቶሪያው ፊልም ያደረገው ይህንኑ ነው። በሙምባሪስ ቦታ የቆመው ሌኦናርድ ፎንቴን የሚባል ሰው በእውኑ የለም።

ዘበኞቹንም አትርሱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2044 ጀምሮ በሕይወት ያለን ሰው እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም መሳቂያ እንዲሆን ማድረግን በስም ማጥፋት ያስጠይቃል። መጽሐፉ ላይ አንድ ዘበኛ በስሙ ተጠርቶ «ጉቦ በላ» ተብሎ ከሆነ እናንተ ያን ቃል ከነስሙ አትውሰዱት። በፕሪቶሪያ ያን ምሽት ተረኛ የነበረው ጠባቂ አስመልጧል ተብሎ ተከስሶ ነጻ ወጥቷል። ፊልም ላይ አንድ የጥርጣሬ እይታ ብትጨምሩ ፍርድ ቤት ያላለውን አላችሁ ማለት ነው።

ስለ ማጋነን የሚጠቀሰው ምሳሌ «ሚድናይት ኤክስፕረስ» ነው። አሜሪካዊው ቢሊ ሄይስ በ1975 ከቱርኩ የኢምራሊ ደሴት እስር ቤት የወጣው በትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ነው፣ ማንንም አልገደለም። የ1978ቱ ፊልም ግን ዘበኛ አስገድሎት የዘበኛውን ልብስ አልብሶ በዋናው በር አስወጣው። ጽሑፉ ኦስካር አገኘ። ጸሐፊው ኦሊቨር ስቶን ግን በ2004 ቱርክ ሄዶ ይቅርታ መጠየቁ አልቀረም።


ኮምፔንሳቶ

አንድ ክፍልና አንድ ኮሪደር ይበቃችኋል፣ ሰፋ ያለ በጀት ያላቸውም ከዚያ ብዙ አይርቁም። እውነተኛው ቦታ ላይ ካልቀረጽን ብላችሁም አትጨነቁ። ብሬሶን ሞንሉክ ድረስ ሄዷል፤ የፕሪቶሪያው ግን የተቀረጸው አውስትራሊያ፣ አድሌድ ነው፤ ለ«ሚድናይት ኤክስፕረስ» ኢስታንቡል ደግሞ ማልታ ቆማለታለች። እኛም ዘንድ ቢሆን ዓለም በቃኝን ልቅረጽ የሚል ሰው ዛሬ የሚያገኘው የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ ነው።

ክፍሉን «ለካሜራ እንዲመች» ብላችሁ አታስፉ። ጠባብ አድርጉና ግድግዳው የሚነሣ ይሁን። ኮምፔንሳቶ በ122 በ244 ሳንቲ ስለሚመጣ ልኩን ከእሱ አውጡ፦ ርዝመት 2.44፣ ስፋት 1.83፣ ከፍታ 2.44 ሜትር። ለረጅሙ ግድግዳ ሁለት ሁለት፣ ለአጭሩ አንድ ተኩል አንድ ተኩል፣ ለጣሪያው አንድ ተኩል፣ በድምሩ 8 ተኩል ነው። ለበርና ለመስኮት ሲቆረጥ የሚበላሽ ስላለ 10 ግዙ። ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጀርባው በሞራሌ ፍሬም ይታሰር። ማዕዘኖቹን በሚስማር ሳይሆን በቡሎን ያዙ፤ ሚስማር የተመታ ግድግዳ ሦስተኛው ንቀላ ላይ አፉ ይቀደዳል። ጄሶው ስስ ይሁን። ወፍራም ጄሶ ግድግዳው ሲነሣ ይሰነጠቅና በሁለት ቀረጻ መካከል አዲስ ስንጥቅ ይበቅላል።

ሌንስ ላይ የሚሠራው ስሕተት የታወቀ ነው። ክፍሉ ጠበበ ተብሎ 16 ሚሊ ይገባና እስር ቤቱ የስብሰባ አዳራሽ ይመስላል። ሱፐር 35 (የካሜራ ሴንሰር ልክ ነው) ላይ የ25 ሚሊ ሌንስ በ2.4 ሜትር ርቀት 2.4 ሜትር ያህል ስፋት ያያል፣ 50ው ግማሹን፣ 1.2 ያህል። እናንተ ግድግዳውን ነቅላችሁ በ35 እና በ50 መካከል ሥሩ። ግን ካሜራውን ከተነቀለው ግድግዳ መስመር አንድ ሜትር በላይ ወደ ኋላ አታርቁ። ከዚያ ካለፈ ዓይን «ግድግዳው የት ሄደ?» ይላል።

ኮሪደሩ 9 ሜትር ይሁን፣ ሦስት በር ያለው። የታችኛውን ግማሽ ግድግዳ የዘይት ቀለም ለውጡ፣ አምፖሉን ከመሐል ወደ ግድግዳ አዙሩ፣ የበር ቁጥር ቀይሩ፣ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ቅረጹ። ስድስት የተለያየ ኮሪደር ይወጣዋል። የበሩ ላሜራ 1.5 ሚሊ ይበቃል፣ መቃኑ ግን ከወለሉ ጋር በቡሎን ይታሰር። ያለበለዚያ በሩ በኃይል ሲዘጋ የእስር ቤቱ ግድግዳ በሙሉ እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይታያል፤ ይህ ኮምፒውተር ላይ ሲስተካከል ከበሩ ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ቁልፉ። የእንጨት ቁልፍ የሚሰበርበትን ምክንያት ካላወቃችሁ ትዕይንቱ ውሸት ይሆናል። ቁልፉ ከአንድ ቁራጭ ሲወጣ የእንጨቱ ጅማት ከዘንጉ ጋር በቁመት ይሄዳል። ስለዚህ ጥርሱ ዘንጉን በሚነካበት ሥር ላይ ጅማቱን ተከትሎ ይሰነጠቃል፤ ዘንጉ ደኅና፣ ጥርሱ ግን የለም። መፍትሔው ጥርሱን ለብቻው፣ ጅማቱ ዘንጉን እንዲያቋርጥ አድርጎ ቆርጦ በዘንጉ ስንጥቅ ውስጥ መሰካትና በኮላ መያዝ ነው። መቀስ_በእጄ ካለው ሰንጠረዥ ውስጥ «ምን ተማሩ» የምትለው ዓምድ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው የምትፈልገው። ያለ ንግግር ይታያልና፦ አንዱ ቁራጭ ይሰበራል፣ የሚቀጥለው ከሁለት ቁራጭ ይሠራል።

ለእጅ ዕቃ ወይራ ምረጡ። ጽድ ለመቅረጽ ደስ ይላል ግን ይሰነጠቃል፣ ዋንዛ ጠርዙ ቶሎ ይዶለዱማል። በአንድ ቁልፍ ዓይነት የሚያስፈልገው፦ ለቅርብ ቀረጻ ሁለት ያማሩ፣ በሩን በእውነት ለሚያዞሩበት ውስጡ ብረት ላዩ እንጨት የሆነ ሁለት፣ ለሚሰበርበት ትዕይንት ከሥሩ በቀጭን መጋዝ ግማሽ ድረስ የተገዘገዘ ስድስት። አንድ ቀረጻ አንድ ቁልፍ ይበላልና ስድስት አይበዛም። የበሩን ቁልፍ ቤት ፍቱና ከውስጡ ምላሶች አንዱን ብቻ አስቀርታችሁ ሌሎቹን አውጡ፤ የቀረው ለእጅ ስሜትና ለ«ቀጭ» ድምፅ ነው። ተመሳሳይ የብሎን ቀዳዳ ያለው መለዋወጫ ቁልፍ ቤት አጠገብ ይቀመጥ። ስባሪ ውስጡ ሲቀር በጉጠት ከመፈለግ ሙሉውን ፈቶ መቀየር ይፈጥናል። ለውስጥ ቀረጻ ደግሞ የጀርባ ክዳኑ የተቆረጠ ሌላ አንድ ያዙ።


ብራና_ቀለም

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የጥርሱ ነገር መጽሐፉ ላይም አለ፤ «በሁለት ገጠምነው» ብቻ ብለው አልፈውታል። ከሥር የሚሰማ ተራኪ ድምፅ እናድርግ ወይስ እንተው? ግማሻችን የአማርኛ ተመልካች ተራኪ ሰልችቶታል እንላለን።


ቡም_ያዥ

የሰለቸው የሚያየውን መልሶ የሚነግረው ተራኪ ነው። ሰውየው ማንኪያ ሲስል «ማንኪያውን ሳልኩት» ካላችሁ ተመልካቹ እውነቱን ነው። ተራኪው ሥዕሉ የማይችለውን ይናገር፦ ስንት ሳምንት እንደወሰደ፣ ምን እንደወሰነ፣ ምን እንደጠረጠረ። ከአንድ ወይ ሁለት ዐረፍተ ነገር አይለፍ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ድምፁን ዝጉና ትዕይንቱን እዩ። ተራኪው ያለው ነገር አሁንም ከገባችሁ ሰርዙት።

ከተራኪው ይልቅ ጉልበታችሁን ድምፅ ላይ አውሉ። እስረኛ የማያየውን የሚያውቀው በጆሮው ነው፣ ካሜራው ክፍሉን የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ ድምፅ ነው። ብሬሶን ፊልም መጨረሻ አካባቢ፣ ሰዎቹ ጣሪያው ላይ ሆነው፣ ከታች አንድ ሲጢጥ የሚል ነገር ይመላለሳል። ምን እንደሆነ ሳይታይ ልብ ያስጨንቃል፤ በኋላ ዙሪያውን የሚጠብቀው ወታደር ብስክሌት ነው። ያንን ከመጀመሪያው አሳይቶ ቢሆን ምንም አልነበረም።

በሥራ ደረጃ፦ ለእያንዳንዱ ዘበኛ የራሱን ድምፅ ስጡት። አንዱ የቁልፍ ዘለላ፣ አንዱ ቆዳ ጫማ፣ አንዱ ነጠላ ጫማና ሳል። ከ20 ደቂቃ በኋላ ተመልካቹ ማን ተረኛ እንደሆነ ፊቱን ሳያይ ያውቃል፤ የመጨረሻው ሌሊት ላይ ያልተጠበቀው ኮቴ ሲሰማ ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም።

ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ክፍል ግን ሣጥን ነው፣ ሲመታ «ቧ» ይላል። ወለሉ ላይ ጣውላውን ሳይሆን የሲሚንቶ ንጣፍ አንጥፉ፣ ቢያንስ ተዋናዩ የሚረግጥበትን። በግድግዳው ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀል። የላሜራውን በር ድምፅ ለቀረጻ ከተሠራው ክፍል አትውሰዱ፤ የአሮጌ መጋዘን ወይም የወፍጮ ቤት በር ፈልጉና ሌሊት ቅዱ፣ ከቅርብ፣ ከሦስት ሜትር፣ ከኮሪደር ጫፍ፣ እያንዳንዱን አምስት አምስት ጊዜ። ምላሶቹ ያልወጡለትን ሙሉ ቁልፍ ቤትም ለብቻው ቅዱት። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በኋላ ማንም ሳይንቀሳቀስ 60 ሴኮንድ የክፍሉን ጸጥታ ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ጸጥታ የሚባለውን የምታገኙት በእኩለ ሌሊትና በ10 ሰዓት መካከል ነው፣ ለዚያውም ውሻው ከተኛላችሁ። ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ማይክ ይነሣል።

ሙዚቃ? ዣክ ቤከር በ1960 በሠራው «ሌ ትሩ» ላይ እስረኞቹ የሲሚንቶውን ወለል በብረት ሲሰብሩ ወደ አራት ደቂቃ በሚጠጋ አንድ ቀረጻ ነው የሚታየው፣ ያለ ሙዚቃ። ብረቱ ራሱ ሙዚቃ ሆኗል። ታሪኩ በ1947 ፓሪስ ካለው ላ ሳንቴ እስር ቤት ለማምለጥ የተደረገ እውነተኛ ሙከራ ነው፤ ከሙከራው ተሳታፊዎች አንዱ ዣን ኬሮዲ ራሱ ተጫውቶበታል። እናንተም ጸሐፊውን ቃለ መጠይቅ ብቻ አታድርጉላቸው፣ ሞረድና እንጨት ስጧቸውና እጃቸውን ቅረጹ። ሰው በቃል የማይነግራችሁን እጁ ያስታውሳል፦ በየት በኩል ይይዛል፣ ፍቅፋቂውን የት ይጥላል፣ ኮቴ ሲሰማ መጀመሪያ የሚደብቀው መሣሪያውን ነው ወይስ ብናኙን። ያን ቪዲዮ ለተዋናዩ ስጡት።


ጉለሌ_ማዞሪያ

ሁሉም ስለ ቁልፍ ብቻ ያወራል። ሰዎቹ ለምን ታሰሩ? ደርግ ዘመን ነው የምትሉት፣ ስንቱ ያለቀበት። 12 ገጽ ላይ ጠቅጥቃችሁ ከዚያ አናጢ ልታደርጓቸው ነው? የፕሪቶሪያውም ድክመት ይሄ ነው ባይ ነኝ። ጥቁር የፖለቲካ እስረኞች ሮበን ደሴት ላይ፣ ነጮቹ ፕሪቶሪያ፤ እስር ቤቱ ራሱ በቀለም ተከፍሎ እያለ ፊልሙ ቁልፉን ሲከታተል ያንን እንደ ዳራ ነው ያለፈው።


መቀስ_በእጄ

ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን ፖለቲካው መግቢያው ላይ በንግግር ሲቀመጥ አይሰማም፤ ዜና ይሆናል። ቦታው «እናምልጥ ወይስ እንቆይ?» የሚለው ክርክር ነው። በፕሪቶሪያው ታሪክ ዴኒስ ጎልድበርግ አለ፤ በ1962 ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ከተመለሰው ከማንዴላ ጋር ሪቮኒያ በሚባለው የኤኤንሲ መሪዎች ችሎት ቆሞ በ1964 ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው። አልወጣም። ሌሎቹን ረዳ፣ ያን ምሽት የዘበኛውን ትኩረት ሳበ፣ እሱ ግን እስከ 1985 እዚያው ቆየ። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ገጽ ንግግር የሚሸከመውን በ12 ገጽ መግቢያ አታገኙትም።

እናንተም መጽሐፍ ላይ የቀረ ሰው ይኖራል፤ ፈልጉት። ሲያመልጡ ቅጣቱ በማን ላይ ወረደ? የማታው ቆጠራ በየቀኑ አለ፤ በፊልሙ ሦስት ጊዜ ቆጠራውን ከነስሙ አሰሙ፣ «አቤት» የሚለው ድምፅ እየተለመደ ይሂድ። ሌሊት ተጠርቶ የወጣ ሰው ስም በሚቀጥለው ቆጠራ ላይ ሲዘለል፣ ስለ ዘመኑ አንድም ማብራሪያ አያስፈልግም። መጻፊያውም አንድ ሩብ ገጽ ነው።

መጨረሻውን በተመለከተ፣ መጽሐፉ ከአጥሩ ወዲያ ስንት ገጽ አለው?


ብራና_ቀለም

ወደ 60። በእግር ሱዳን እስኪገቡ ድረስ።


መቀስ_በእጄ

እንግዲያው ሌላ ፊልም ነው። ከአጥሩ በኋላ ከአራት ደቂቃ በላይ አትስጡት። ሕጉ ይቀየራልና፤ በር የለም፣ ቁልፍ የለም፣ ተመልካቹ ሰባ ደቂቃ የተማረው ሙያ እዚያ አይጠቅመውም። የቀረውን መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ጽሑፍ ጨርሱት፤ የቀሩት እስረኞች ምን እንደሆኑም እዚያው ይግባ።


ተረኛ_ረዳት

ከፕሮግራም አንጻር አንድ ነገር ልጨምር፣ ጽሑፉን ስትቆርጡ አሁኑኑ ስለሚነካችሁ። የ14 ወር እስር ማለት ፀጉር፣ ጺምና ኪሎ ነው። በታሪኩ ቅደም ተከተል መቅረጽ ካልቻላችሁ (አብዛኛው ጊዜ አይቻልም) ጊዜውን በሦስት መልክ ብቻ ክፈሉት፦ ሲገባ፣ መሐል፣ ሲወጣ። አራተኛ መልክ የሚጠይቅ ትዕይንት ካለ ወደ አንዱ ይጠጋ።

መጀመሪያ የሚቀረጸው መጨረሻው ነው። ተዋናዮቹ ከቀረጻው በፊት ከስተው፣ ጺማቸው አድጎ ይምጡ፤ የማምለጡን ሌሊት ቅረጹ፣ ከዚያ ጺሙን አሳጥራችሁ መሐሉን፣ በመጨረሻ ተላጭተው የመግቢያውን። ጺም በአንድ ቀን ይቆረጣል፣ ለማደግ ግን ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። ኪሎውም እንደዚያው፤ እየበሉ መጨመር በሥራ መሐል ከመክሳት ይቀላል፣ ለጤናም ይሻላል። ሰው ሠራሽ ጺም አስባችሁ ከሆነ የቁልፉ ትዕይንቶች በሙሉ የቅርብ ቀረጻ መሆናቸውን አትርሱ፤ በላብ ጊዜ ጠርዙ ይነሣል።

ኮምፔንሳቶ ያለው የበር ቁጥርና የቀለም ለውጥም በዚሁ ቅደም ተከተል ይታሰብ። ግድግዳ ላይ የሚጫረው የቀን ቁጥር፣ የእጅ እድፍ፣ የተላጠው ጄሶ መጨረሻ ላይ ብዙ፣ መግቢያው ላይ ጥቂት ነው። ከመጨረሻው ስለምትጀምሩ አርት ክፍሉ ማርጀት ሳይሆን ማደስ ነው ሥራው። ስለዚህ ጭረቱን ግድግዳው ላይ አትፈልፍሉት፣ በሚነሣ ስስ ቁራጭ ላይ ሠርታችሁ ለጥፉት።